ሠልጣኙ ወደ ወንበሩ ሲመለስ

በቅርቡ ማስረጃ ለማውጣት ወደ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄጄ ነበር። ወጣቷ ባለሙያ የአባቴን ስም በኮምፒውተሩ ፈለገችና «ፋይልዎ የለም» አለችኝ። አጠገቧ የተቀመጡ ነባር ሠራተኛ ቀና ብለው «ልጄ፣ በብዙኃኑ ‹ኃ› ፈልጊው» አሏት። ፋይሉ ወዲያው ወጣ። ሥልጠና ወስዳ እንደሆነ ጠየቅኋት። «አምስት ቀን ሠልጥነናል፤ ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወር ፖይንት። ይህን ግን ያነሣልን የለም» አለችኝ።

እኔም ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለሠራተኞች የምንሰጠው የዲጂታል ክህሎት ሥልጠና ከመሣሪያው ይጀምራል። መጀመር የነበረበት ግን ባለጉዳዩ ይዞት ከሚመጣው ጥያቄ ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘውን ስትራቴጂ ያጸደቀው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ቴሌብር መጣ፣ የፋይዳ መታወቂያ ተስፋፋ፣ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ሲስተሙ በፍጥነት እየገባ ነው። ከሲስተሙ ጀርባ የሚቀመጠው ሰው በዚያው ልክ ካልተዘጋጀ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ትልቅ ዕድል ነው፤ በርካታ ወጣቶች ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስ በነፃ የሚማሩበት ነው። የመስኮት ሠራተኛ የሚያስፈልገው ክህሎት ግን ሌላ ነው። የእሱን ችግር ኮድ በመማር ብቻ አንፈታውም።

የጉልት ነጋዴዎቻችንን እንመልከት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙዎቹን አዳራሽ ጠርቶ ያሠለጠናቸው የለም። ከልጃቸው፣ ከጎረቤታቸው፣ ከደንበኛቸው እየጠየቁ፣ በራሳቸው ገንዘብ፣ በየቀኑ እየሠሩ ተማሩት። የሚያስፈልጋቸውን ነገር በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ስለተማሩት አልጠፋባቸውም። «ሠራተኛው ዕድሜው ገፍቷል፣ ቴክኖሎጂ አይገባውም» የሚሉ ሰዎችን የማልቀበለው ለዚህ ነው።

እንግዲያው ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው ስላይድ ከመሥራቱ በፊት ጥቂት ቀናት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ባለጉዳይ በምን ምክንያት እንደሚመለስ ይመዝግብ። ያን ጊዜ በየትኛውም የውጭ መማሪያ የማይገኙ ነገሮች ይወጣሉ። «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ» እና «ሀይሉ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ከዓመታት በፊት በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠም በፍለጋ አይገኝም። የዘመን አቆጣጠራችን ከጎርጎርዮሳዊው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ በ8 ዓመት ይለያል። ሁልጊዜ 8 የሚደምር ሠራተኛ የሰውን ዕድሜ ያዛባል። የልደት ቀኑ በፓስፖርቱ አንድ፣ በሌላው ማስረጃው ሌላ ሆኖበት የተንከራተተ ሰው፣ አገር ውስጥም ይኑር ውጭ፣ ይህ ጥቃቅን ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

ቦታውም ሊታሰብበት ይገባል። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ አምስት ቀን ሙሉ ከመስማት፣ በሥራ ቦታ በሳምንት አንድ ሰዓት ለሦስት ወር መለማመድ ይበልጣል። የሠራተኛው ደመወዝ ከኑሮው ጋር እንደማይመጣጠን ስለማውቅ በሆቴል ሥልጠና የሚከፈለውን አበል አልነቅፍም። ለትምህርቱ የሚከፈለው ግን ትምህርቱ በሚሠራበት ቦታ ቢከፈል እላለሁ። እውነተኛ ፋይል የሌለበት፣ ቢሳሳቱበት ምንም የማይጠፋበት የልምምድ ሲስተምም ያስፈልጋል። ብዙ ነባር ሠራተኞችን ከኮምፒውተር ያራቃቸው «ብነካው ይጠፋል» የሚለው ፍርሃት ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ስለወጣም፣ የይለፍ ቃልን ለባልደረባ አለመስጠት የልምምዱ አካል መሆን አለበት።

አስተማሪውስ ማን ይሁን? ወጣቷ ኪቦርዱን ታውቃለች፤ ነባሩ ሠራተኛ መዝገቡን፣ ሕዝቡንና የፊደሉን ጠባይ ያውቃሉ። ሁለቱን አጣምሮ ማሠልጠን ይቻላል። ነባሩ ከልጅ እግር መማር እንዳያሳፍራቸው፣ እሳቸውም አስተማሪ የሚሆኑበት ተራ ይሰጣቸው።

በመጨረሻ መለኪያው ይለወጥ። ሪፖርቶቻችን «ይህን ያህል ሠራተኞች ሠለጠኑ» ብለው ይዘጋሉ። እኔ የምፈልገው ሌላ ቁጥር ነው፦ ከሥልጠናው በፊት ስንት ሰው «ነገ ይመለሱ» ተባለ? ከሦስት ወር በኋላስ? ይህን የማይመዘግብ ተቋም ሥልጠናው ይሥራ አይሥራ ሊያውቅ አይችልም።

ያን ቀን ከቢሮው ስወጣ ባለሙያዋ በብጣሽ ወረቀት ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ፤ አ፣ ዐ ብላ ጽፋ ስክሪኗ ጥግ ላይ እየለጠፈች ነበር። የሥልጠና መጽሐፋችን የመጀመሪያ ገጽ ያ ብጣሽ ወረቀት ቢሆን እመኛለሁ።