የመኪናን ለውጥ ለመድን ኩባንያ ስለ ማስታወቅ



ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ቤተ ሰብን ከከሰል ጢስ ስለ መጠበቅ ጥቂት ምክር አቅርበን ነበር። ዛሬ ደግሞ በግቢያችን ውስጥ ቆሞ ስለሚያድረው ንብረት፥ ይኸውም ስለ መኪና፥ ልንናገር አስበናል። መኪናን የሚነዳው አንድ ሰው ቢሆንም እንጀራ የሚበላበት ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። ስለዚህ ነገሩ ለባለ መንጃ ፈቃዱ ብቻ የሚተው አይደለም።

አንድ የምናውቀው ሰው አለ፤ ስሙን መግለጽ አያስፈልግም። ይህ ሰው ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ጤፍ የሚያመላልስበት አንድ ካሚዮን ነበረው። ካሚዮኑን በገዛው ጊዜ ሙሉ የመድን ዋስትና ገብቶለት ነበር፤ አረቦኑንም በየዓመቱ ቀኑን ሳያሳልፍ ይከፍል ነበር። በሦስተኛው ዓመት ገበያው ደራ፥ ጭነቱም በዛ። ሰውየውም ካሚዮኑን ወደ ጋራዥ ወስዶ ከኋላ በኩል ባሌስትራ አስጨመረ፤ የስፖንዳውንም ቁመት አስረዘመ። ከዚያ በኋላ ካሚዮኑ አስቀድሞ ከሚጭነው የበለጠ ኩንታል ይጭን ጀመር። ሰውየው ይህን ለሚስቱ ነገራት፤ ለጎረቤቶቹም እየተደሰተ አወራ፤ ለመድን ኩባንያው ግን አልነገረም። ሊደብቅ ፈልጎ አልነበረም፤ መንገር እንደሚገባው ከቶ አላሰበም።

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ፍሬኑ ጋለና አልይዝ አለ። ሰውየው መሪውን ወደ ተራራው አዙሮ ካሚዮኑን እዚያው ገለበጠው እንጂ ወደ ገደሉ አልለቀቀውም። እግዚአብሔር ይመስገን፥ እርሱም ረዳቱም በሕይወት ተረፉ። የካሚዮኑ ጋቢናና ሻንሲ ግን ተጨማደደ። ከመድን ኩባንያው የተላከው መርማሪ መጥቶ ባሌስትራውን ቈጠረ፤ የስፖንዳውን ቁመት ለካ፤ ያገኘውንም በውሉ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያየ። በመጨረሻም ኩባንያው ሙሉውን ካሣ እንደማይከፍል በደብዳቤ አስታወቀ። ሰውየው፥ «ማንም አልጠየቀኝም!» አለ። ሚስቱም ደብዳቤውን አንብባ ከጨረሰች በኋላ፥ «ለጎረቤት የነገርኸውን ነገር ለዋስህ ሳትነግረው ቀረህ» አለችው። የጎደለውን ገንዘብ ለመሙላት የጥሎሽ ወርቋ ተሸጠ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም። «ማንም አልጠየቀኝም» የሚለው ቃል በብዙ ቤት የሚነገር ስለ ሆነ፥ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማሳየት ነው።

መድን ወይም ኢንሹራንስ የሚባለው ነገር ከእድራችን ጋር ዘመድ ነው። ብዙ ሰዎች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ክፉ ነገር የደረሰበት አንዱ ከዚያ ይነሣል። ዳሩ ግን ልዩነት አለው። በእድር ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ በመድን ግን እያንዳንዱ የሚከፍለው ይዞት በመጣው አደጋ መጠን ነው። ኩባንያው የመኪናውን ዓይነት፥ ዕድሜውን፥ የሞተሩን ጕልበት፥ የሚጭነውን ጭነትና የሚውልበትን ሥራ መዝኖ አረቦኑን ይወስናል። ይህን ሁሉ የሚመዝነው ባለ መኪናው በሰጠው ቃል ነው። መኪናው የሚያድረው በእናንተ ግቢ ነው፤ ኩባንያው የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። መኪናው ተለውጦ ወረቀቱ ሳይለወጥ ከቀረ፥ ዋስትና የተገባለት መኪናና በመንገድ ላይ የሚሄደው መኪና ሁለት ሆኑ ማለት ነው።

ሕጋችንም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ከቁጥር 667 ጀምሮ ስለዚሁ ይናገራል። የሕጉ ሌሎች ክፍሎች በ2013 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ሲተኩ የመድኑ ክፍል ግን ጸንቶ ቈይቷል። በዚህ ሕግ መሠረት መድን የሚገባ ሰው፥ ኩባንያው አደጋውን ለመመዘን የሚረዳውንና እርሱ የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል መግለጽ አለበት። በውሉ ዘመን መካከል አደጋው ቢጨምርም ማስታወቅ ይገባዋል። አውቆና አስቦ የደበቀ ሰው ውሉ ዋጋ ያጣበታል። ሳያስብ የቀረ ግን ውሉ አይፈርስበትም፤ ካሣው በከፈለው አረቦንና መክፈል በነበረበት አረቦን መካከል ባለው መጠን ይቀነስበታል።

ይህ አነጋገር ለጆሮ ከባድ እንዳይሆን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሰው 20,000 ብር አረቦን ከፍሏል እንበል። ለውጡን አስታውቆ ቢሆን ኖሮ 30,000 ብር ይከፍል ነበር። የደረሰበት ጉዳት 600,000 ብር ቢሆን፥ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ስለ ከፈለ የሚያገኘውም ካሣ ከሦስት እጅ ሁለቱ፥ ማለት 400,000 ብር ነው። እንግዲህ 10,000 ብር ያተረፈ መስሎት 200,000 ብር ከሰረ።

ይህ ሥርዓት በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሎርድ ማንስፊልድ የተባለው ዳኛ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1766 ዓ.ም. በሱማትራ ደሴት ስላለ አንድ ምሽግ መድን በተነሣ ክርክር፥ የመድን ውል በቅን ልቡና የሚቆም ውል መሆኑን አስረድቶ ነበር። አደጋው የሚመዘንበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በመድን ገቢው እውቀት ውስጥ ነውና፥ መድን ሰጪው የሚተማመነው በእርሱ ቃል ነው። በዚያው አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ለራሱና ለቤተ ሰቡ መድን የሚገባውን ሰው ሸክም አቅልሎ፥ ኩባንያው ለሚጠይቀው ጥያቄ ተጠንቅቆ እንዲመልስ ብቻ አድርጓል። በእኛ ሕግ ግን ሳይጠየቁም መናገር ግዴታ ስለ ሆነ፥ «አልጠየቁኝም» ብሎ መከራከር ብዙ አያዋጣም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ «እኔ የሦስተኛ ወገን መድን አለኝ፤ ይበቃኛል» ይል ይሆናል። የሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት በመንገድ ላይ ለሚንቀሳቀስ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ሁሉ የግድ ነው። ነገር ግን ይህ መድን የቆመው በመኪናው ለሚጎዳው ለሌላው ሰው ነው። የራስን መኪና ከግጭት፥ ከእሳትና ከሌባ የሚጠብቀው በፈቃድ የሚገባው ሌላው መድን ነው። ቃላችንን ሳናድስ ስንቀር የሚናጋውም በተለይ እርሱ ነው።

እንግዲህ ማስታወቅ የሚገባው የትኛውን ለውጥ ነው? ብዙ ሰው ለውጥ ሲባል ሞተር መቀየር ብቻ ይመስለዋል። እውነት ነው፥ ሞተር ሲቀየር የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምምና ይህ የመጀመሪያው ነው። ሌሎችም ግን ብዙ ናቸው።

ባሌስትራ መጨመር ጭነትን ይሸከማል፤ ፍሬኑ ግን የድሮው ፍሬን ነው። የጨመረው ክብደት ቁልቁለት ሲወርድ የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነውና ይግላል፤ ሲግልም መያዙን ይተዋል። በጣራ ላይ የዕቃ መጫኛ ብረት አሠርቶ መጫን የመኪናውን ክብደት ወደ ላይ ስለሚያወጣው፥ በመጠምዘዣ መንገድ ላይ ለመገልበጥ ያቀርበዋል። ትልልቅ ጎማና ቸርኬ መግጠምም ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን የፍጥነት መቁጠሪያውን ያሳስተዋል። የጎማው ቁመት ከመቶ 10 እጅ ቢጨምር፥ መቁጠሪያው 80 ሲል መኪናው በእውነቱ 88 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፤ ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ድረስ የሚጨርሰውም መንገድ ከመቶ 21 እጅ ያህል ይረዝማል። ተጨማሪ መብራት፥ ክላክስና የሙዚቃ መሣሪያ ያለ ፊውዝ በዘፈቀደ ሲቀጠል ሽቦው ይግላል፤ ከዚያም እሳት ይነሣል። መስታወትን ማጥቈር በሌሊት እግረኛን ከዓይን ይሰውራል። ቀለም መለወጥ እንኳ መኪናው ቢሰረቅ ፍለጋውን ያስቸግራል።

የዕቃ መኪና ውስጥ ወንበር አስገጥሞ ሰው መጫን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ወንበሩ ከወለሉ ጋር በሚገባ ካልታሰረ በግጭት ጊዜ ከነሰዎቹ ይነቀላል። በውሉም ላይ የሰው ቁጥር ስላልተጻፈ፥ ለነዚያ ተሳፋሪዎች የሚናገርላቸው ወረቀት ላይገኝ ይችላል። የመኪናው አካል ሳይነካ ሥራው ብቻ ቢለወጥም ያው ነው። ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርስ የነበረ የቤት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ለኪራይ ከተሰለፈ፥ የሚሄደው ኪሎ ሜትርም የሚያጋጥመው አደጋም ሌላ ሆኗል።

ደግሞም ለውጥ ሁሉ ክፉ አይደለም። ሌባ የሚከላከል ደወል ወይም መኪናው ያለበትን የሚያመለክት መሣሪያ ቢገጠም ይህንኑ መናገር ይገባል፤ አረቦኑን ሊያቃልል ይችላልና። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው በእጅ እንዲነዳ ሆኖ የተስተካከለ መኪናም የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ በግልጥ ተነግሮ በውሉ ውስጥ መግባት አለበት። ውድ የሆነ ዕቃ ተገጥሞ የመኪናው ዋጋ ሲጨምርም እንደዚሁ ነው። ያልተጻፈ ዕቃ ቢሰረቅ በምን እንጠይቃለን?

አሁን ደግሞ ስለ አፈጻጸሙ እንናገር። አስቀድሞ፥ መኪናው ወደ ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ኩባንያውን መጠየቅ ይሻላል፤ አንዳንዱን ለውጥ ኩባንያው የማይቀበለው ሊሆን ይችላልና፥ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ከመጸጸት ያድናል። ሁለተኛ፥ ማስታወቂያው በጽሑፍ ይሁን። የሰሌዳውን፥ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፥ የተደረገውን ለውጥ፥ የተሠራበትን ቀንና ጋራዥ ጽፎ፥ ደረሰኙንና ፎቶግራፉን አያይዞ በሁለት ቅጂ ማቅረብ ነው። አንዱ ቅጂ «ደርሶናል» የሚል ማኅተምና ቀን ተደርጎበት ወደ ቤት ይመለስ። ሦስተኛ፥ ኩባንያው መቀበሉን የሚያስረዳ የውል ማሻሻያ ወረቀት እንዲሰጥ መጠየቅ ነው። የወኪሉ «ግድ የለም፥ እኛ እናውቀዋለን» ማለት አይበቃም፤ አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብለዋልና። አራተኛ፥ በሊብሬው ላይ መመዝገብ የሚገባው ለውጥ ሲሆን ወደሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዶ ማስመዝገብ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይባል። ማስታወቅ የተከለከለውን የተፈቀደ አያደርገውም። ከልክ በላይ መጫን ለኩባንያው ቢነገርም ባይነገርም ከልክ በላይ መጫን ነው፤ ፍሬንም ደብዳቤ አያነብም። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም የቀድሞው ባለቤት ምን እንዳስለወጠ በታማኝ ሜካኒክ አስመርምሮ፥ ያወቀውን ሁሉ መድን ሲገባ ይናገር።

በመጨረሻ ቃላችን ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። የመድን ውል በባል ኪስ ወይም በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ ወረቀት አይደለም። ቦሎ በሚታደስበት ወይም አረቦን በሚከፈልበት ሰሞን ባልና ሚስት አብረው ይቀመጡ፤ የደረሱ ልጆችም ይጠሩ፤ ወረቀቱ ይነበብ፤ ከዚያም ወደ ግቢ ወጥቶ መኪናውን ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ነው። ልጆች የአባታቸውን መኪና ከማንም ይልቅ ያውቁታልና፥ «ይህ መብራት ዓምና አልነበረም» የሚለው ቃል ከእነርሱ አፍ ይወጣ ይሆናል። ለዚህ የሚወጣው አንድ ሰዓት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ያ የምናውቀው ሰው ዛሬ ካሚዮኑን አስጠግኖ እንደ ገና ጤፍ ያመላልሳል። ባሌስትራውን ወደ ቀድሞው ቁጥር መልሶታል፤ ስፖንዳውንም ዝቅ አድርጎታል። የውሉ ወረቀት ግን ከእርሱ ዘንድ የለም፤ ሚስቱ ወርቋ በነበረበት ሣጥን ውስጥ ቈልፋ ታስቀምጠዋለች። መኪናውን የሚነካ ማናቸውም ሥራ ከመሠራቱ በፊት ወረቀቱን አውጥታ፥ «ይህ ለኩባንያው ተነግሯል ወይ?» ብላ ትጠይቀዋለች። አንባቢዎቻችንም በየቤታችሁ ይህን ጥያቄ፥ ወርቅ ሳይሸጥ፥ አሁኑኑ እንድትጠያየቁ እንለምናለን።