የዳሌዬን ፋይል ስጡኝ

ድንቅነሽ ከ35 ሺህ በላይ የሲቲ ስካን ምስሎች አሏት። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለ10 ቀን ያህል አጥንቶቿ አንድ በአንድ ተነሱ። በ2016 የጆን ካፕልማን ቡድን እነዚያኑ ምስሎች ይዞ «ኔቸር» መጽሔት ላይ «ከዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» ብሎ ጻፈ፤ ከቆጠራቸው ስብራቶች አንዱ የዳሌዋ ነው። ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ኋይት ደግሞ አልተቀበሉትም። ማን ልክ እንደሆነ ለእነሱ እንተወው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፦ ከሞተች 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያለፋት ሴት ስለ ዳሌዋ ሁለተኛ አስተያየት ማግኘት ችላለች። ለምን? ፋይሉ ስላለ።

አሁን መርካቶ እንምጣ። እዚህ ሰው የሚወድቀው ከዛፍ ሳይሆን ከአይሱዙ ላይ ነው። ጫኝና አውራጅ ጆንያ ተሸክሞ እግሩ ይከዳዋል፣ ዳሌው ይሰበራል፣ እድለኛ ከሆነና ዘመድ ገንዘብ ካዋጣለት ሲቲ ይነሳል። ከዚያ አንድ ትልቅ ፖስታ ይሰጠዋል። ፖስታው ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጥቁር ፊልም አለ። በቃ። ቁምሳጥን ላይ ይቀመጣል፣ ይጣጠፋል፣ ይቧጨራል። ዋናው ፋይል የት እንደገባ ጠያቂም የለ፣ መላሽም የለ።

እኔ ሶፍትዌር ጸሐፊ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ስለ ሕክምናው አልከራከርም። ስለ ፋይሉ ግን እከራከራለሁ፣ ምክንያቱም ፋይል ሥራዬ ነው።

መጀመሪያ የተነሳውን አካል እንየው። ዳሌ ቀለበት ነው። ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ አጥንቶች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ከኋላ የጀርባ አጥንት ታችኛው ክፍል፣ ሳክረም የሚባለው፣ እንደ ሽብልቅ መሃላቸው ገብቶ ይዘጋዋል። የቀንድ አምባር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ለመስበር ሞክሩ እስቲ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ነው የሚሰበረው። ዳሌም እንደዚያው ነው፤ ፊት ለፊት ስብራት የታየበት ሰው ኋላም ሌላ ጉዳት አለው ወይ ተብሎ ይፈለጋል። የኋላውን ደግሞ ተራ ራጅ ብዙ ጊዜ ይስተዋል፤ አንጀትና ጋዝ ይጋርደዋል፣ አጥንት በአጥንት ላይ ይደራረባል። ሲቲ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሲቲው ምን ይሰጣል? ዳሌን በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ከቆራረጥነው ለ30 ሴንቲ ሜትር 300 ምስል ይወጣል። እያንዳንዱ ምስል 512 በ512 ነጥብ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ደግሞ ቁጥር ናት፦ ውሃ 0፣ አየር ከዜሮ በታች 1000፣ ጠንካራ አጥንት ከ1000 በላይ ሊደርስ ይችላል። ዓይናችን ይህን ሁሉ ደረጃ በአንድ ጊዜ መለየት ስለማይችል ሐኪሙ ስክሪን ላይ መስኮቱን ያንሸራትታል፤ አንዴ ለአጥንት፣ አንዴ ለሥጋና ለደም። የዳሌ ስብራት ደግሞ የሚገድለው በደም መፍሰስ ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጉታል። 300ውን ምስል ደርድሮ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት እያገላበጠ ያየዋል።

ፊልሙስ? ከ300ው ውስጥ ጥቂት ደርዘን ተመርጠው፣ እንደ ፖስታ ቴምብር ተጨፍልቀው፣ አንድ መስኮት ላይ ተቸንክረው ይታተማሉ። ለአጥንት የታተመው ደሙን አያሳይም፤ ለሥጋ የታተመው ቀጭኑን ስንጥቅ ይውጠዋል። ማንሸራተት የለም፣ ማገላበጥ የለም። ይህ ስክሪንሾት ነው። ሰውየው የከፈለው ለቤቱ ነው፤ የተሰጠው የበሩ ፎቶ ነው።

አጎቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ከወደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ መንከሱ አልተወው ሲል ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየና «በዚህ መወሰን አልችልም፣ ፋይሉን አምጡልኝ» አለ። ወደተነሳበት ቦታ ተመለስን። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ በትህትና «አባባ፣ ፊልሙን ወስደዋል እኮ» አለችው። ፋይሉን ነው አልናት። «እሱማ ቦታ ሲሞላ ይሰረዛል። እንደገና ይነሱ።»

እንደገና መነሳት ማለት እንደገና መክፈል ነው። እንደገና ጨረር መቀበልም ነው። አንድ የዳሌ ሲቲ በግምት 6 ሚሊ ሲቨርት ነው፤ አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚደርሰው የጨረር መጠን በዓለም አማካይ 2.4 ነው። ሐኪም ካስፈለገው ይነሳ፤ ጥቅሙ ይበልጣል። ሃርድ ዲስክ ሞላ ተብሎ ግን የሰው ዳሌ፣ ያውም የመራቢያ አካላት ያሉበት ቦታ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የተፈጥሮ ጨረር በአንድ ቀን ይጠጣ?

«ቦታ ሞላ» የሚለውን እስቲ እናስላው። 300 ምስል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሜጋባይት፣ ጠቅላላ 150 ሜጋባይት። ከብዙ ፊልሞች ያንሳል። አንድ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ከ26 ሺህ በላይ እንደዚህ ያለ ምርመራ ይይዛል። በቀን 20 ሰው ቢነሳ ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ይኑረው ካላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ሁለት ዲስክ ግዙ።

«ሶፍትዌሩ ውድ ነው» ይላሉ። ዳይኮም የሚባለው የምስል ደረጃ ከ1993 ጀምሮ አለ፤ ማሽኖቹ የሚናገሩት ቋንቋ እሱ ነው። ኦርታንክ የሚባለው ነጻ ሰርቨር በ2012 ቤልጅየም፣ ሊየዥ ካለ ሆስፒታል ወጥቷል፤ ያለ ክፍያ ይጫናል።

«የታካሚ ምስጢር ነው» ይላሉ። አሁን ያለውን ምስጢር እንየው፦ ቤተሰብ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ ያነሳል፣ ጥግ ላይ ሙሉ ስምና ዕድሜ እንደተጻፈ ቴሌግራም ላይ ለሚያውቀው ሐኪም ሁሉ ይልካል። ምስጢር የሚጠበቀው ባለቤቱን ከልክሎ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘን ዳታ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የዳሌዬ ምስል የእኔ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

«ሕዝቡ የለመደው ፊልም ነው» የሚለው ነው የሚያናድደኝ። ሕዝቡን ምን እንዳስለመዳችሁት እናንተ ታውቃላችሁ። በዚያው መርካቶ ምን አለሽ ተራ ግቡ። የበርሜል ክዳን ምድጃ ይሆናል፣ ያለቀ ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ የተጣመመ ሚስማር ተቃንቶ ይሸጣል። እዚያ ሰፈር ማንም ሰው ዋጋ ያለውን ነገር አይጥልም። ከዚያ ሰፈር የመጣው ሰው በሺዎች ብር የከፈለበትን 300 ምስል ግን በአንድ ቁልፍ እንሰርዘዋለን። ከዚያም ወጌሻ ጋ ሄደ ብለን እንስቃለን። ቢያንስ ወጌሻው አጥንቱን በእጁ ዳብሶ ነው የሚፈርደው።

ስለዚህ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ነገ እናታችሁን ወይ አባታችሁን ሲቲ ይዛችሁ ስትሄዱ ፍላሽ ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት «ሙሉውን ዳይኮም ትሰጡናላችሁ?» በሉ። ፊልሙ ይበቃል ካሉ ወረፋው ፊት ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ፋይሉ እጃችሁ ሲገባ ሁለት ቦታ አስቀምጡት። ኮድ የምትጽፉ ደግሞ ሌላ የምግብ ማዘዣ አፕ ከመሥራታችሁ በፊት አንድ ክሊኒክ ገብታችሁ ኦርታንክን ጫኑላቸው፤ የቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው።

የሞተችውን ዳሌ አክብረን አስቀምጠናል፣ ደግ አድርገናል። በሕይወት ያለው ዳሌ ከዚያ ያነሰ ክብር የሚሰጠው በምን ሒሳብ ነው?