የማይመለስ «አንተ»

«አንተ» መባባል መቀራረብ ነው የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ከተመለሰ።

በወልቂጤና በቡታጅራ መናኸሪያ ግን ጎረምሳው ተሳፋሪ ሽበት የወረሳቸውን ተሸካሚ «ና አንተ!» ይላቸዋል፤ እሳቸው «ዕቃዎ የቱ ነው?» ይላሉ። ያው ጎረምሳ ቢሮ ገብቶ እኩያው ከሆነ ሹም ፊት ሲቆም «እርስዎ» ከአፉ አይጠፋም። አንቱታው ለወንበሩ ነዋ!

«እርስዎ» የተገኘው «ርእስ» ከሚለው የግእዝ ቃል ነው፤ ራስ ማለት ነው። ራስ ደግሞ ሸክም ቢጫንበትም ያው ራስ ነው።

መቀራረብን የምትሰብክ ወዳጄ ሆይ፣ ተሸካሚው «አንተ» ቢሉህ ትቆጣለህን? ከተቆጣህ ቃልህ ንቀት ነበር። እኔም እነሆ «አንተ» ብዬሃለሁና፣ መልሰህ «አንተ» በለኝ።