የሚችል እስኪገኝ?



በአዳራሻችን ያለው ኪቦርድ «የሚችል ሰው እስኪገኝ» ተብሎ ተቆልፎበታል። እኛ ግን ስለ ዶን ሌትስ እናውራችሁ። ከጃማይካ ከመጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1956 ለንደን ተወለደ። ልብስ ሻጭ ነበር። በ1977 ሮክሲ በሚባል ጭፈራ ቤት ለፓንክ ወጣቶች ሸክላ ያጫውት ጀመር። ፓንክ (ለኔ ጆሮ ጩኸት ነው) ያኔ የታተመ ሸክላ እምብዛም ስላልነበረው፣ የወላጆቹን አገር ሬጌ አሰማቸው። ጥቁርና ነጭ በጎሪጥ በሚተያይበት ከተማ ነጮቹ ልጆች ወደዱለት! ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እዚያው በትንሽ ካሜራ ያነሳው በ1978 ፊልም ሆኖ ወጣ፤ ፊልም ያስተማረው የለም።

በ1984 ሚክ ጆንስ ቢግ ኦዲዮ ዳይናማይት የተባለውን ባንድ ሲያቋቁም እሱንም አስገባው። መሣሪያ መጫወት ግን አይችልም! ታዲያ ምን አደረገ? ኪቦርዱ ላይ ባለቀለም ወረቀት ለጠፈና የሚነካውን በቀለሙ ለየ። ከፊልም የተቀዳ ንግግር ከዘፈኑ ጋር ማዋሃዱም የሱ ሥራ ነበር። ስለ ክላሽ ባንድ የሠራው ፊልም በ2003 ግራሚ ተሸለመ፤ በኋላም በቢ.ቢ.ሲ. ራዲዮ ሙዚቃ አቅራቢ ሆነ።

የኪቦርዱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እከፍታለሁ፤ ባለቀለም ወረቀት ያለው ይዞ ይምጣ።

የማህበሩ ጸሐፊ