ማዘዣው የታለ?

ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 32 የማያውቅ የሕግ ተማሪ የለም። ከበሩ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ፒያሳ ሲወርድ ግን ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ያውም ባለ አንድ ቃል፦ «ክፈቺ!»

የተጻፈው ሕግ የሚለው ሌላ ነው። ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ቤት የሚበረብረው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፦ ወንጀለኛ እግር በእግር ተከትሎ ሲገባ፣ አለዚያም ከሦስት ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ማዘዣው እስኪወጣ ሊሸሽ ነው ብሎ የሚያምንበት በቂ ምክንያት ሲኖረው። ማዘዣ ቢይዝም፣ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደለት በቀር፣ የሚበረብረው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በማዘዣው ያልሰፈረ ዕቃ አይወስድም። የተያዘችን ሴት ገላ የምትፈትሸውም ሴት ናት።

ታዲያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የአንዲት ሴት የአልቤርጎ በር የሚደበደበው በየትኛው አንቀጽ ነው?

«ሴተኛ አዳሪ ናትኮ!» ይሉኛል። ብትሆንስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ገላዋን በመሸጧ ብቻ አይቀጣትም። ቅጣቱ የሚያነጣጥረው በእሷ ገላ በሚከብረው ደላላና በቤቱ ከፋች ላይ ነው። መንገድ ላይ ሰው ብታስቸግር እንኳ ጥፋቱ የደንብ መተላለፍ ነው፤ ለዚህ ተብሎ በር አይሰበርም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ከብርበራ የሚጠብቀው «ማንኛውንም ሰው» ነው፤ የሥራ መታወቂያ አልጠየቀም።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ትርፉን የሚያፍሰው ማን እንደሆነ ሳይ ነው። በሯ በአፈሳ የሚሰበርባት ሴት ስትዘረፍም ስትደፈርም ጣቢያ አትሄድም፤ ጠባቂ ፍለጋ ደላላው እጅ ትወድቃለች። ሕጉ ሊቀጣው የፈለገውን ሰው ሕገወጡ ብርበራ ቀለብ ይሰፍርለታል!

እኛስ? ስለ ድሮው የሴተኛ አዳሪዎች ሰፈር ውቤ በረሃ በናፍቆት እናወጋለን፣ የስብሐት ገብረእግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» እያነበብን ለሴቶቹ እናዝናለን። የዛሬዎቹ ሲታፈሱ ግን መጋረጃ ገልጠን አይተን፣ «ሰፈሩ ይጽዳ» ብለን እንተኛለን።

አዲስ ሕግ አልለምንም። የጣቢያ አዛዦች ያለ ማዘዣ የገባውን ፖሊስ ይጠይቁ፤ ለጥቅሙ ወይም ሰው ለመጉዳት ያደረገው ከሆነም በሥልጣን አላግባብ መገልገልን የሚቀጣ ሕግ አለ። የስድስት ኪሎ የሕግ ምሁራንም አንቀጽ 32ን ለፈተና ብቻ አያስጠኑ፤ ወርደው ለሴቶቹ ያስተምሩ። በሩ ሲንኳኳ «ማዘዣው የታለ?» ማለት ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።