«የፈረንጅ በሽታ» ለሚሉን

ባለፈው ሳምንት በክፍላችን ውስጥ አኖሬክሲያ ነርቮሳ የተባለው ሕመም ቢነሣ ሳቅ ሆነ። «በራብ ስሙ በሚነሣ አገር ማን ወድዶ ይራባል? የፈረንጅ በሽታ ነው!» ተባለ። መምህራችንም አብረው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ኮልፌ፣ አጠና ተራ ግድም፣ የ16 ዓመት ጎረቤት አለችኝ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ የእርሷ ግን ፋሲካም አልፎ አልተፈታም። ክንዷ እንደ አጠና ቀጥኖ ሳለ «ገና ሆዴን አላሸነፍሁም» ትላለች። እናቷ ይኮሩባታል፤ ጎረቤት ጾመኛ ብሎ ይመርቃታል። ሐኪም ቤቱም የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛት።

የፈረንጅ ነውን? እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ገል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ስም አወጣለት እንጂ ሕመሙን አልፈጠረውም። በ2004 የታተመ ጥናት በጋና 668 ሴት ተማሪዎችን መርምሮ፣ 10ሩ ክፉኛ የከሱት ራሳቸውን በማስራብ ብቻ መሆኑን አገኘ። እንደ ለንደን ልጃገረድ ውፍረትን አልፈሩም፤ ራሳቸውን ያዩት በመስተዋት ሳይሆን በጽድቅ ሚዛን ነበር። ጎረቤቴን አያችኋት?

መጋቢት 1960 ዓ.ም. በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት ሲቀርብ ታላላቆቻችን «የባዕድ ባህል!» ብለው ተነሡ፤ ቁጣው ያረፈው ግን በሴት ተማሪዎች ላይ ነበር። እኛ ደግሞ «የባዕድ በሽታ!» እያልን የታመመችውን ለብቻዋ እንተዋታለን። (ጾምን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሕመምተኛን ጹም ብላ አታስገድድም።)

ማኅበራችን በዚህ ወር ስለ ጉዳዩ አንድ ምሽት ውይይት ይጥራ። የሳቁት መምህርም ይምጡልን።