የቀበረ ያርዳ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ አባቶቻችን «የነበረ ይናገር፣ የቀበረ ያርዳ» ይላሉ። በቦታው የነበረ ሰው ያየውን ይናገር፤ በእጁ አፈር ያለበሰ ሰው መርዶውን ይንገር፤ ያላየና ያልቀበረ ግን አፉን ይያዝ ማለታቸው ነው። ይህን ምሳሌ ልጅ ሆኜ ሰማሁት፤ መምህር ሆኜ አስተማርሁት፤ ጎልማሳ ሆኜ አፈረስሁት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሌላውን ስከስ ብትሰማኝ፣ ራሴም ከተከሳሾቹ ጋር መቆሜን አትርሳ።

የምናገረው የመንገደኛ አይሮፕላን በጠፋ ጊዜ በአገር ስለሚነዛው ግምት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ቀን ሰው ሁሉ አዋቂ ይሆናል። ዕድሜውን ሙሉ አይሮፕላን ጣቢያ ደርሶ የማያውቅ ሰው ቡና እየጠጣ «ፈንጂ ነው» ይላል፤ ባልንጀራው «አይደለም፤ ተጠልፎ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው አብራሪው ሆን ብሎ እንዳጠፋው ይምላል። የግምት ክፋቱም ግምት ሆኖ አለመቆየቱ ነው። «ይመስለኛል» ተብሎ የተነሣ ቃል ሁለተኛው አፍ ላይ ሲደርስ «ነው አሉ» ይሆናል፤ ሦስተኛው አፍ ላይ «ነው» ሆኖ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም።

መጀመሪያ ይህን ያየሁት በ1981 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በዳንግላ ከተማ ወጣት መምህር ነበርሁ። መስከረም 5 ቀን ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አይሮፕላን ወደቀ የሚል ወሬ መጣ። ዳንግላ ከባሕር ዳር የምትርቀው ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ወሬውን ያመጡልን የአውቶቡስ መንገደኞች ነበሩ። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበርና ወደ ሰሜን የሚበር አይሮፕላን ሲወድቅ ሰው ሌላ ምክንያት ሊያስብ አልቻለም። በጠጅ ቤት ግማሹ «ተተኩሶበት ነው» ሲል፣ ግማሹ «ፈንጂ ተጠምዶበት ነው» አለ፤ ማን ሊያጠምድ እንደሚችልም በሹክሹክታ ስም ይጠራ ጀመር። በዚያ ዘመን በሹክሹክታ ስሙ የተጠራ ሰው ቤቱ ላያድር ይችል ነበር።

እውነቱ ሲታወቅ ግን ርግብ ሆኖ ተገኘ። አይሮፕላኑ ከመሬት ሲነሣ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ሊመልሱት ሲታገሉ የሞተሮቹ ኃይል አለቀ፤ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎም ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ከጠጅ ቤቱ ሊቃውንት መካከል ርግብን የጠረጠረ አንድ ስንኳ አልነበረም። ስማቸው በሹክሹክታ የተጠራውንም ሰዎች ማንም ሄዶ ይቅርታ አልጠየቃቸውም። ይህን አይቼ መማር ነበረብኝ፤ አልተማርሁም።

ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ እንጅባራ እኖር ነበር። ጥር 17 ቀን ሌሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የበረራ ቁጥር 409፣ ነጎድጓድ ባለበት ጨለማ ውስጥ ገብቶ በጥቂት ደቂቃ ከራዳር ተሰወረ። 82 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት። ከመንገደኞቹ የሚበዙት ሊባኖሳውያን ነበሩ፤ የእኛም ልጆች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በሰው ቤት ሠርተው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሴቶች ነበሩ።

በሰፈራችን ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ልጇ ቤይሩት በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራለች። ልጅቱ ለገና ደውላ «በጥር እመጣለሁ» ብላ ነበር። አይሮፕላኑ የጠፋው በጥር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ስልኳ አይነሣም። ሰፈሩ እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዞ ሦስተኛውን ራሱ ጨመረበት።

የእድሩ ሽማግሌዎች ወደ እኔ መጡ። የእንግሊዝኛ ራዲዮ የምሰማ እኔ ነበርሁና «መምህር፣ ልጅቱ አለችበት?» አሉኝ። ራዲዮው የማንንም ስም አልጠራም። ማለት የነበረብኝ «አላውቅም፤ ነገ አዲስ አበባ ደውለን የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር እናስጠይቅ» ነበር። ይህ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ነገር ግን የሰፈሩ አዋቂ ተብዬ ሳለሁ ሽማግሌ ሁሉ ፊቴ ቆሞ ሲጠብቀኝ «አላውቅም» ማለት አሳፈረኝ። «በጥር እመጣለሁ ብላ የለ? ከዚያ የሚመጣው አይሮፕላን ይኸው ነው» አልሁና አንገቴን ነቀነቅሁ። እነርሱም ግምቴን እንደ ራዲዮው ቃል ቆጥረው ተቀበሉኝ፤ እኔም እንዲህ አድርገው እንደ ተቀበሉኝ እያወቅሁ አላረምኋቸውም።

ጥር 21 ቀን ጎሕ ሳይቀድ፣ ጉም የቀርከሃውን አጥር እንደ ሸፈነው፣ በሯን አንኳኳን። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ነጠላውን አጣፍቶ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ለአገራችን ሰው አይነገረውም። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ጮኸች፤ ሁለቱንም ጉንጯን በጥፍሯ ነጨችው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ጥር 23፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፣ ያጌጡት ፈረሶች ሲጋልቡ እኛ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነበር። እርሷ በአገውኛ እያለቀሰች የልጇን የሕፃንነት ነገር አንድ በአንድ ታወርድ ነበር፤ እኔም ከአልቃሾቹ ጋር ተቀምጬ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ጥር 29 ቀን የጎረቤት ሱቅ ስልክ ጮኸ። ልጅቱ ነበረች። አሠሪዎቿ ፈቃዷን ወደ ፋሲካ አስተላልፈውባት፣ ስልኳንም ወስደውባት ኖሯል።

ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ሰው ሁሉ ያለቀሰውን ረስቶ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እርሷ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ በዝግታ፣ «መምህር፣ ልጄን የገደሏት እርስዎ ነበሩ፤ የመለሰልኝ እግዜር ነው» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። የጉንጯ ጠባሳ አልጠፋም፤ ገበያ ላይ ባየኋት ቁጥር አነበዋለሁ።

«ታዲያ ምን ተጎዳች? ልጇ ተርፋ የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። እኔም እላለሁ፦ ስምንት ቀን ልጇን ቀብራ ኖራለች፤ እነዚያን ስምንት ቀናት ማንም አይመልስላትም። ደግሞም ግምቴ በሌላው ወገን ቢሳሳት ኖሮስ? ልጅቱ በእውነት ተሳፍራ ሳለች «አይዞሽ፤ ሌላ አይሮፕላን ነው» ብያት ቢሆንስ? ደግ መስዬ በውሸት ተስፋ አስሬ አስቀምጣት ነበር። ባለማወቅ የሚነገር መርዶም ሆነ ባለማወቅ የሚሰጥ ተስፋ የሚወጣው ከአንድ ከረጢት ነው።

በዚያ ሰሞን የተሳሳትነው እኛ የእንጅባራ ሰዎች ብቻ አይደለንም። የአይሮፕላኑ የመረጃ መቅረጫ ሣጥን ከባሕር ወለል የወጣው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ነገር ግን አደጋው በደረሰ በማግስቱ የሊባኖስ የትራንስፖርት ሚኒስትር አብራሪው ከመቆጣጠሪያው ማማ የታዘዘውን አቅጣጫ ትቶ በሌላ መብረሩን ተናገሩ፤ ሰሚው ሁሉ ያን ይዞ ፍርዱን ሰጠ። ሌላው ደግሞ በሰማይ እሳት ታየ የሚለውን ይዞ «ፈንጂ ነው» አለ። ምርመራው አልቆ ዘገባው የወጣው በጥር 2004 ዓ.ም. ነው። ዘገባው አብራሪዎቹ የአይሮፕላኑን ፍጥነት፣ ከፍታና አቅጣጫ በሚገባ መቆጣጠር ተሳናቸው አለ። አየር መንገዱ ግን አልቀበልም ብሎ አይሮፕላኑ በአየር ላይ መፈንዳቱን፣ ለዚህም ሻጥር፣ ተኩስ ወይም መብረቅ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። እንግዲህ ሣጥኑን የከፈቱና ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ሁለት ዓመት ደክመው ባልተስማሙበት ነገር፣ እኛ በሁለት ስኒ ቡና መካከል እንዴት ፈረድን?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሣብኛል። «መምህር፣ ዝም በሉ ማለትዎ ነውን? ሕዝብ ዝም ካለ ባለሥልጣንና ባለሀብት እውነቱን ይቀብሩታል» የምትለኝ ወጣት ትኖራለህ። ክርክርህ እውነት አለበት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ 157 ሰዎች አለቁ። ብዙም ሳይቆይ በውጭ አገር፣ በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር፣ ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ የሚያላክኩ ሰዎች ተነሡ። የሞቱት አብራሪዎች መልስ ሊሰጡ አይችሉም። ነገር ግን ከአምስት ወር በማይሞላ ጊዜ በፊት እንዲህ ያለው አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ሣጥኑ ሲከፈትም የአይሮፕላኑን የአፍንጫ አቀማመጥ የሚለካ አንድ መሣሪያ የሐሰት ልክ መስጠቱ፣ ያን ያመነው የኮምፒውተር ሥርዓትም የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች መድፈቁ ተገለጠ። በ2014 ዓ.ም. ቦይንግ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለሟቾች ቤተ ሰቦች የካሳ ኃላፊነቱን ተቀበለ።

ይህ ታሪክ ለአንተ የሚመሰክርልህ ይመስልሃል፤ እስቲ አስተውለው። የሟች አብራሪዎችን ስም ያጎደፈው ምንድር ነው? ማስረጃ ሳይመጣ የተነገረ ግምት ነው። ስማቸውንስ ያነጻው ምንድር ነው? ከሣጥኑ የተገኘው ማስረጃና «ለምን? እንዴት? ማን ፈቀደ?» እያሉ ያልደከሙት ቤተ ሰቦች ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዝም በል አልልህም፤ ጠይቅ እልሃለሁ። የሚጠይቅ ሰው መልስ የሚገባበትን በር ይከፍታል፤ ግምቱን እንደ እውነት የሚያወራ ሰው ግን በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይጥላል። ግምት ለኃይለኛው መሸሸጊያ እንደሚሆን አትርሳ፤ ሁሉ ሰው የየራሱን ተረት ሲያወራ እውነተኛው ጥፋተኛ በመካከሉ ሳይታይ ያልፋል።

የማይታወቅ ሆኖ የሚቀር ነገርም አለ። የካቲት 29 ቀን 2006 ዓ.ም. ከኩዋላ ላምፑር ወደ ቤይጂንግ 239 ሰዎች ይዞ የተነሣው የማሌዥያ አይሮፕላን መንገዱን ቀይሮ ጠፋ። በሕንድ ውቅያኖስ 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የባሕር ወለል ከተፈተሸ በኋላ ፍለጋው በጥር 2009 ዓ.ም. ቆመ። ቀደም ብሎ ሬዩኒየን ከተባለች ደሴት የክንፉ ቁራጭ ተገኝቶ ነበር። በዓለም ላይ በዚህ አይሮፕላን ያልተወራ የለም፤ ተሰርቆ ተደብቋል ያለ አለ፤ ተመትቶ ወድቋል ያለ አለ። መርማሪዎቹ ግን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አምስት መቶ ገጽ የሚጠጋ ዘገባ ጽፈው የመጥፋቱን ምክንያት ለማወቅ አልቻልንም ብለው ዘጉት። ብዙ ሰው ዘገባውን ባዶ ነው ብሎ ናቀው። እኔ ግን ያን ቃል ባየሁ ጊዜ ባርኔጣዬን አነሣሁ፤ እነርሱ በዓለም ሁሉ ፊት የደፈሩትን እኔ በጥቂት ሽማግሌዎች ፊት ፈርቼው ነበርና።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩን። አንድ ቀን መልሱን ገምቼ ጻፍሁ፤ ልክም ሆነ። እርሳቸው ግን «እንዴት አገኘኸው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ዜሮ ሰጡኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ግን «አላውቀውም» ብሎ ባዶ ሰሌዳ ሲያሳያቸው አጠገቡ ተቀምጠው አስተማሩት። ያን ጊዜ ግፍ የሠሩብኝ መስሎኝ አለቀስሁ። ዛሬ ግን ፍርዳቸው ይገባኛል፤ «አላውቅም» ያለውን ሰው ማስተማር ይቻላል፤ ገምቶ ያወቀ የመሰለውን ግን ማን ያስተምረዋል?

ወጣት ሆይ፤ የእኔ አንገት መነቅነቅ የደረሰው እስከ አንድ ሰፈር ነው። በእጅህ ያለው ስልክ ግን የአንተን በአንድ ሌሊት ለብዙ ሺህ ሰው ያደርሰዋል፤ ከእነዚያም መካከል ልጇ የት እንደ ደረሰ ያላወቀች እናት ትኖራለች። ስለዚህ የአይሮፕላን መጥፋት በተሰማ ቀን ጣትህ ሳይቸኩል ይህን ጠይቅ፦ ይህን ያየው ማን ነው? ያላየው ደግሞ እንዴት አወቀው? ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ጠባሳው በማን ጉንጭ ላይ ይቀራል? መልስ ካጣህ «አላውቅም» በል። ቃሉ አጭር ነው፤ ለእኔ ግን በዚያ በጥር ቀን ከአፌ መውጣት ተስኖት ነበር።